የጀስቲን ብራውንሊ ጉዳይ፦ በቅጥር መጥቶ ዜጋ የሆነ ተጫዋች፣ ከየካ አባዶ ሜዳ ሲታይ

የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ጀስቲን ብራውንሊ እ.ኤ.አ. በ2016 የፊሊፒንስ ዋና ከተማ ማኒላ የገባው የሰው ቦታ ለመሸፈን ነበር። ባራንጋይ ጂኔብራ የተባለው ክለብ ፖል ሃሪስ የሚባል አሜሪካዊ አስመጥቶ ነበር፤ ውድድሩ ገና ከመጀመሩ ሃሪስ ተጎዳ። ክለቡ ሰው በአስቸኳይ ሲፈልግ ያገኘው ብራውንሊን ነው። ያኔ 28 ዓመቱ ነበር። አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ ቲፍተን በምትባል ከተማ ተወለደ፤ ኒው ዮርክ ለሚገኘው ሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ፤ በ2011 የኤንቢኤ ክለቦች ተጫዋች ሲመርጡ የመረጠው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ከኤንቢኤ በታች ባለው በአሜሪካ የልማት ሊግ ውስጥ ከክለብ ክለብ ሲዘዋወር የኖረ ሰው ነው። እንደ እሱ ያሉ በመቶ የሚቆጠሩ ተጫዋቾች በየዓመቱ ዓለምን ይዞራሉ፤ አብዛኞቹ ስማቸውን ሳንሰማ ጫማቸውን ይሰቅላሉ።

የፊሊፒንስ ሊግ አሠራር ካልታወቀ የዚህ ሰው ጉዳይ በደንብ አይገባም። ሊጉ እ.ኤ.አ. በ1975 የተመሠረተ ሲሆን በእስያ የመጀመሪያው ፕሮፌሽናል የቅርጫት ኳስ ሊግ ነው። ክለቦቹ የከተማ ሳይሆኑ የኩባንያ ናቸው፤ ጂኔብራም የመጠጥ ስም ነው። ዓመቱ በተለያዩ ዋንጫዎች ይከፋፈላል። በአንደኛው ዋንጫ የውጭ ሰው ፈጽሞ አይገባም። በሌሎቹ እያንዳንዱ ክለብ የውጭ ተጫዋች ያስመጣል፣ ለሚመጣው ሰው ቁመትም ጣሪያ ይቀመጥለታል። «ኢምፖርት» የሚሉት እሱን ነው። ውሉ ለአንድ ዋንጫ ብቻ ነው። ቡድኑ ከወደቀ ሻንጣውን ይሸክፋል፤ ካልጣማቸውም በውድድሩ መሀል ሌላ ያመጡበታል፣ ልክ ብራውንሊ በሃሪስ ቦታ እንደመጣው። ከሁሉ በላይ ነጥብ የሚጠበቀው ከእሱ ነው፤ ሽንፈት ሲመጣ ጣት የሚቀሰረውም በእሱ ላይ ነው።

እንዲህ ባለ ሥራ ላይ መቆየት ከባድ ነው፤ ብራውንሊ ግን ቆየ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 19 ቀን 2016 ጂኔብራ ከሜራልኮ ጋር ለዋንጫ ስድስተኛውን ጨዋታ ሲያደርግ ውጤቱ እኩል ነበር። የመጨረሻዋ ሰከንድ ስታልቅ ኳሷ ከብራውንሊ እጅ ወጥታ ሦስት ነጥብ ሆነች፦ 91 ለ 88። ጂኔብራ ከ2008 ጀምሮ ዋንጫ አላገኘም ነበር። በአገሪቱ ደጋፊው እጅግ የበዛ ክለብ ነው፤ እኛ ዘንድ ለቡናና ለጊዮርጊስ የሚጮኸውን ሕዝብ በአንድ ላይ ደምሩት። ያቺ ኳስ የተተኪውን ሰው ስም በአንድ ሌሊት በየቤቱ አስገባች።

ግን ባንድ ኳስ ዜጋ የሆነ የለም። የጉዳዩ ዋና ክፍል ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ናቸው። በ2017 እንደገና ተመልሶ ዋንጫ በላ። በ2018 ሌላ ዋንጫ ጨመረ፤ በዚያው ዓመት አላብ ፒሊፒናስ ከተባለው ቡድን ጋር የደቡብ ምሥራቅ እስያ ሊግን አሸነፈ። ገቨርነርስ ካፕ የተባለውን የሊጉን ዋንጫም በ2019 እና በ2021 ውድድሮች ከጂኔብራ ጋር ወሰደ። ክለቡ ኢምፖርት በሚፈቀድበት ወቅት ሁሉ ይጠራዋል፤ እሱም ይመጣል። አሠልጣኙ ቲም ኮን ራሱ አሜሪካ ተወልዶ ከልጅነቱ ጀምሮ ፊሊፒንስ ያደገ ሰው ነው፤ ብራውንሊን የያዘው ነጥብ እንደሚያመርት መሣሪያ አልነበረም። ጨዋታዎቹን ደጋግሜ ስመለከት ዓይኔን የሚስበው ኳስ የሚያቀብልበት መንገድ ነው። ሁለት ሰው ሲመጣበት ኳሷን ይዞ አይታገልም፤ ነፃ የቆመውን ፊሊፒናዊ ፈልጎ ይሰጠዋል። አብረውት የሚጫወቱት ልጆች ከእሱ ጋር ሲሆኑ የተሻሉ ይሆናሉ። ኢምፖርት ሆኖ ይህን ማድረግ ብርቅ ነው፤ የሚቀጥለውን ውል የሚያመጣለት በስሙ የሚመዘገበው ነጥብ ነውና።

የዜግነቱ ሕግ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በፊሊፒንስ መደበኛው የዜግነት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1939 የወጣ ሲሆን በመርሕ ደረጃ የአሥር ዓመት ተከታታይ ነዋሪነት ይጠይቃል። ለስፖርተኞች የሚጠቀሙበት መንገድ ሌላ ነው፦ ምክር ቤቱ ለአንድ ሰው ብቻ ሕግ ያወጣለታል። ማርከስ ዳውቲት በ2011፣ አንድሬ ብላች በ2014፣ የአይቮሪ ኮስቱ ተወላጅ አንጅ ኩዋሜ በ2021 በዚሁ መንገድ አልፈዋል። የብራውንሊ ሕግ ቁጥር 11937 ነው፤ ፕሬዚዳንቱ የፈረሙት ጥር 12 ቀን 2023 ነው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጥር 15፣ ጂኔብራ ቤይ ኤሪያ ድራገንስ የተባለውን ተጋባዥ ቡድን በሰባተኛው ጨዋታ 114 ለ 99 አሸነፈ። ፊሊፒን አሪና ውስጥ 54,589 ሰው ተገኝቷል፤ በሊጉ ታሪክ እንዲህ ያለ ተመልካች ታይቶ አይታወቅም። ለብራውንሊ ስድስተኛ የሊጉ ዋንጫው ነበር። በማግስቱ ቃለ መሐላ ፈጸመ።

ቀኖቹን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ወረቀቱ የሰውየውን ሥራ ተከትሎ እንደመጣ አያለሁ። ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ብላች የፊሊፒንስን መለያ ለብሶ የዓለም ዋንጫ የተጫወተው ዜግነት ባገኘበት ዓመት ነው፤ ያም ሠርቷል፣ ሴኔጋልን 81 ለ 79 ያሸነፉት ያኔ ነው፣ ከ1974 ወዲህ በዓለም ዋንጫ ያገኙት የመጀመሪያ ድል። ስለዚህ በችኮላ የተሰጠ ፓስፖርት ሁሉ ይከሽፋል ማለት አልችልም። ብራውንሊ የሚለየው ሕዝቡ የእኛ ነው ያለው ከምክር ቤቱ ቀድሞ በመሆኑ ነው።

እኔ ይህን ጉዳይ የማጠናው ለወሬ አይደለም። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቅዳሜና እሁድ ልጆች አሠለጥናለሁ። ሜዳችን በብሎኮች መካከል ያለች የሲሚንቶ ወለል ናት፤ አንዱ ሪንግ ወደ ፊት ዘንበል ብሏል፣ መረብ የለውም። ልጆቹ ከእኔ የማይሸሽጉት አንድ ሐሳብ አላቸው፦ አንድ ጎበዝ አሜሪካዊ ዜግነት ሰጥተን ብናጫውተው ብሔራዊ ቡድናችን ከአፍሪካ ጋር ይወዳደራል የሚል። አንዱ ትልቁ ልጅ፣ «ኮች፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚጎድለን» አለኝ። ስለዚህ ስልኬን ኳሷ ላይ አስደግፌ ከእስያ ጨዋታዎች የተቆራረጠ ቪዲዮ አሳየኋቸው፣ ቆይቼም የካቲት 2023ን ነገርኳቸው።

በየካቲት 2023 ብራውንሊ ለፊሊፒንስ ብሔራዊ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። ሊባኖስን አሸነፉ። ሦስት ቀን ቆይተው ዮርዳኖስን ገጠሙ፤ ብራውንሊ ብቻውን 41 ነጥብ አስገባ፣ ቡድኑ በአንድ ነጥብ ተሸነፈ፦ 91 ለ 90። ልጆቹ ዝም ብለው ስኮሩን ተመለከቱ። «41 አስገብቶ?» አለ ያው ልጅ። አዎ፣ 41 አስገብቶ።

ቀጥሎ በግንቦት የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎች ፍኖም ፔን ላይ ተደረጉ። አዘጋጇ ካምቦዲያ አንድ ሳይሆን በርካታ አሜሪካውያን ዜግነት ሰጥታ አሰልፋ ነበር፤ የዚያ ውድድር ደንብ አይከለክልም ነበርና። በምድብ ጨዋታ ፊሊፒንስን አሸነፈች። በፍጻሜው ግን ፊሊፒንስ 80 ለ 69 ረትታ ወርቁን ወሰደች። እኔ ካምቦዲያን አልወቅስም፤ ቤቷ ላይ እንግዳ እየተቀበለች ማፈር አልፈለገችም። ግን ፓስፖርት ተደርድሮ ሳለ ቡድን የሠራው ወገን ማሸነፉን ለልጆቼ ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እገባለሁ፣ ምክንያቱም ስለ ዜግነትና ስፖርት በሚደረገው ውይይት ሁሉ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊባ፣ ደንቡ ግልጽ ነው። በአንድ ብሔራዊ ቡድን ከ12 ተጫዋቾች መካከል የአገሩን ዜግነት 16 ዓመት ከሞላው በኋላ ያገኘ አንድ ሰው ብቻ ይፈቀዳል። ሁለተኛው ሐረግ ደግሞ አለ፦ በትውልዱ የሌላ አገር ዜግነት የማግኘት መብት ያለው ልጅ መብቱን እስከ 16 ዓመቱ ካልጠየቀ፣ ልዩ ውሳኔ ካልተሰጠው በቀር፣ በዚያችው በአንዲቱ ቦታ ይቆጠራል። ደሙ አይታይም፤ የሚታየው ፓስፖርቱ የወጣበት ቀን ነው።

ነሐሴ 2023 የዓለም ዋንጫ በማኒላ በከፊል ተዘጋጀ። ብራውንሊ ዜጋ ነው፣ ሕዝቡ ይወደዋል። አልተሰለፈም። ቦታዋን የወሰደው የኤንቢኤው ተጫዋች ጆርዳን ክላርክሰን ነው። ክላርክሰን በእናቱ በኩል የፊሊፒንስ ደም አለበት፤ ነገር ግን ፓስፖርቱን ያወጣው ከ16 ዓመቱ በኋላ ስለሆነ ለፊባ እሱም እንደ ብራውንሊ ነው። ከቲፍተን ተቀጥሮ የመጣውና አያቱ ፊሊፒናዊት የሆነችለት ሰው ለአንዲት ወንበር ተሰለፉ። አገሪቱ ሁለቱንም ብትወድም ሁለቱን በአንድ ሜዳ ማቆም አልቻለችም።

ከአንድ ወር በኋላ ሃንግዡ ላይ የእስያ ጨዋታዎች ሲደረጉ ወንበሩ ለብራውንሊ ተመለሰ፣ አሠልጣኙም ቲም ኮን ሆነ። አጀማመራቸው አያምርም ነበር፦ በምድብ ጨዋታ ዮርዳኖስ 87 ለ 62 ደቆሰቻቸው። በሩብ ፍጻሜው ኢራንን በአንድ ነጥብ አለፉ፣ 84 ለ 83። ግማሽ ፍጻሜው ከአዘጋጇ ቻይና ጋር ነው፤ በሃያ ነጥብ ተመሩ። ልጆቹ ስልኬ ላይ ያዩት ይህን ነው። በአራተኛው ሩብ ቻይናዎቹ ኳሱን ማዘግየት ጀመሩ፣ ፊሊፒኖቹ ደግሞ ሙሉ ሜዳ እየተጫኑ ኳስ መንጠቅ ጀመሩ። ብራውንሊ ከመስመሩ ራቅ ብሎ፣ ፊቱ ላይ እጅ ተዘርግቶበት፣ በመጨረሻው ደቂቃ ሦስት ነጥብ አስገባ፤ 77 ለ 76 ሆነ፤ በዚያው አለቀ። በዚያ ጨዋታ 33 ነጥብ አስገብቷል። ልጆቹ ኳሱ ሲገባ ጮኹ። እኔ ቪዲዮውን ወደ ኋላ መልሼ ሌላ ነገር አሳየኋቸው፦ ኳሱ ወደ እሱ ከመድረሱ በፊት ሌሎቹ ሲሮጡ፣ ሲነጥቁ፣ ሲከልሉለት። የመጨረሻውን ነጥብ ያስገባው እሱ ነው፤ ልዩነቱን ከሃያ ወደ ሁለት ያወረዱት አምስቱም ናቸው።

በፍጻሜው ያችኑ ዮርዳኖስን አገኙ፣ 70 ለ 60 አሸነፉ። የዮርዳኖስ ኮከብ ሮንዴ ሆሊስ-ጄፈርሰን ነበር፤ እሱም አሜሪካዊ፣ እሱም በማኒላ ሊግ ለቲኤንቲ ክለብ ኢምፖርት ሆኖ የተጫወተ፣ እሱም በዚያው ዓመት ለዮርዳኖስ ዜጋ የሆነ። ከአንድ ሊግ የወጡ ሁለት ተቀጣሪዎች በሁለት አገር ባንዲራ ለእስያ ወርቅ ተፋለሙ። ፊሊፒንስ ይህን ወርቅ ለመጨረሻ ጊዜ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1962 ነበር። በእኛ አቆጣጠር 1954 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችበት ዓመት ማለት ነው። 61 ዓመት መጠበቅ ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ድሉ ሳምንት ሳይሞላው ዜና መጣ፦ ከፍጻሜው በኋላ ከብራውንሊ የተወሰደው ናሙና የካናቢስ ቅሪት ተገኘበት። ወርቁ አልተነካም፤ እሱ ግን ለወራት ታግዶ ቆየ። በዚያ ጊዜ የፊሊፒንስ ሕዝብ ያደረገውን ስመለከት ዜግነት የሚለው ነገር ይበልጥ ገባኝ። ተቀጣሪ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ የአውሮፕላን ትኬት ያልቅ ነበር። አላሰናበቱትም፤ ቅጣቱን እስኪጨርስ ጠበቁት፣ በየካቲት 2024 ለብሔራዊ ቡድኑ መልሰው አሰለፉት። በዚያው ዓመት በሐምሌ ሪጋ ላይ ለኦሊምፒክ ማጣሪያ ላትቪያን በሜዳዋ 89 ለ 80 አሸነፉ፤ ብራውንሊ 26 ነጥብ አስገባ። ከ1960 የሮም ኦሊምፒክ ወዲህ የአውሮፓን ቡድን ሲያሸንፉ የመጀመሪያቸው ነበር።

ጉዳዩ ግን ያልተፈታ ጎን አለው፣ እኔን በጣም የሚያሳዝነኝም እሱ ነው። ብራውንሊ ለብሔራዊ ቡድን ፊሊፒናዊ ነው፤ በሊጉ ግን ዛሬም ኢምፖርት ነው። የፊሊፒንስ ደም የሌለበት ዜጋ እንደ አገር ተወላጅ ተቆጥሮ አይመዘገብም። የውጭ ሰው በማይገባበት ዋንጫ ወቅት ለአገሩ ወርቅ ያመጣው ሰው አይሰለፍም። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ይህ ከተፈቀደ ሀብታም ክለብ ሁሉ ዜግነት ያለው አሜሪካዊ እያመጣ ዓመቱን በሙሉ ያጫውታል፣ የአገሬው ልጅም ይገፋል። ቢሆንም አንድን ሰው በመሐላ ተቀብሎ በሥራ ቦታው እንግዳ ማድረግ ከባድ ነገር ነው። ለዚህ መፍትሔ ያላገኙት ብዙ ልምድ ያላቸው ፊሊፒኖች ከሆኑ፣ እኛ ገና ሐሳቡን ስናነሳ ቀድመን ልናስብበት ይገባል።

የእኛን ሕግ ደግሞ ላንሳ። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 የውጭ ሰው ዜግነት እንዲያገኝ አራት ዓመት እዚህ መኖርን፣ ከአገሪቱ ቋንቋዎች በአንዱ መግባባትን፣ መተዳደሪያ ገቢንና መልካም ጠባይን ይጠይቃል። ለአገሪቱ የላቀ አስተዋፅኦ ላደረገ ሰው የነዋሪነቱንና የቋንቋውን ሁኔታ የሚያልፍ በር አለው። የቀድሞ ዜግነትን የመተው ግዴታ ግን አለ፤ ሁለት ዜግነት አንቀበልም። ለሙያው ሲል ከአገር አገር የሚዞር አሜሪካዊ ተጫዋች የአሜሪካ ፓስፖርቱን አስረክቦ ይመጣል ብዬ አላስብም። ከመጣም ወንበሩ አንድ ነው፤ አሥራ አንዱን ማን ይሞላል? ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ስትደርስ አሜሪካ የተወለደው ካርሊክ ጆንስ አብሯት ነበር፤ ድንቅ ተጫዋች ነው። ነገር ግን ዙሪያውን የነበሩት በስደት በአውስትራሊያና በአሜሪካ ያደጉ የደቡብ ሱዳን ልጆች ናቸው። እነሱ ባይኖሩ ጆንስ ብቻውን ፓሪስ አይደርስም ነበር።

ለእኛም ሰዉ ያለው እዚያ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሚኔሶታ፣ ዳላስ፣ ቶሮንቶ በየትምህርት ቤቱ ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱ የእኛ ልጆች አሉ። በየክረምቱ ወላጆቻቸው ይዘዋቸው ይመጣሉ። ባለፈው ክረምት አንዱ እኛ ሜዳ ላይ ይጫወት ነበር፣ ረጅም፣ ግራኝ፣ አማርኛው የተሰባበረ ግን የማያፍርበት። አክስቱ እዚሁ የካ አባዶ ትኖራለች፤ አንድ ቅዳሜ ጠጋ ብላ፣ «ኮች፣ ይሄ ልጅ እኮ የኛው ነው። ቢጫ ካርድም አለው። ለአገሩ ለመጫወት ሌላ ምን ያስፈልገዋል?» አለችኝ።

ቢጫ ካርዱ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው፣ ለመኖርና ለመሥራት ይጠቅመዋል፤ ፓስፖርት ግን አይደለም፣ ለፊባም ምንም አይደለም። ልጁ 18 ዓመቱ ላይ ነቅቶ «ለኢትዮጵያ እጫወታለሁ» ቢል የአሜሪካ ዜግነቱን መተው ብቻ ሳይሆን የክላርክሰን ዕጣ ይጠብቀዋል፦ ከማንኛውም ተቀጣሪ ጋር ለአንዲት ወንበር መሻማት። እንደ እሱ ያሉ አምስት ልጆች ቢመጡ አራቱ ከመስመር ውጭ ይቆማሉ።

ከ16 በፊት ግን ሌላ መንገድ አለ። በአዋጁ መሠረት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ የትም ይወለድ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው። ውጭ በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ እንደሆነ ደግሞ አንዱን የመምረጥ ግዴታ የሚመጣበት ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ልጁ ሲወለድ እናቱ ወይም አባቱ የየትኛው አገር ዜጋ ነበሩ የሚል ነው። ሁለቱም ከመወለዱ በፊት አሜሪካዊ ሆነው ከነበረ ይህ በር ዝግ ነው። አንዳቸው ገና በግሪን ካርድ ላይ ከነበሩ ክፍት ነው፤ ፓስፖርቱ ግን 16 ሳይሞላው እጁ መግባት አለበት።

ይህን ለአክስቱ ስነግራት መጀመሪያ ግራ ተጋባች፤ ቀጥላ ስልኳን አውጥታ እዚያው ሜዳው ዳር ወደ አሜሪካ ደወለች። እናቱ ልጇን ስትወልድ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነበራት፤ አሮጌው ፓስፖርት ከነልደት የምስክር ወረቀቱ ቤቷ አለ። ልጁ ገና 15 ዓመቱ ነው። ወረቀቶቹን ቀጣዩ ልደቱ ሳይደርስ ይዘው ኤምባሲ እንዲጠይቁ፣ ፓስፖርቱ ሲወጣም ቀኑን የሚያሳየውን ገጽ ኮፒ እንዲልኩልኝ ነግሬያቸዋለሁ።